ያልታገሥናት ሦስት ደቂቃ

መርሳ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2014 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎት ለጋሽ ኤፍሬም፤

እንደምን ሰነበቱ? እትዬ ራሄልስ እንደምን ናቸው? የደብረ ብርሃን ብርድ እንዴት ይዟችኋል? እኔና እናቴ፣ ስሙ ይመስገን፣ በሕይወት አለን።

ደብዳቤዎን ሹፌሩ ጋሽ ኑርሁሴን ትናንት አመጡልኝ። ስከፍተው መጀመሪያ የሚጠይቁት ስለ ዕቃዎ መስሎኝ ነበር። የጠየቁት ግን ስለ እኛ ብቻ ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። ከዚያ «ተከራይ ስለው ኖሬ ወንድሜ ኖሯል» አለች።

እርስዎ ባይጠይቁም እኔ ልንገርዎት። ጦርነቱ ሲቃረብ ከወልድያው የድምፅ ዕቃ ሱቅዎ አውጥተው እኛ ቤት ለመርሳው ሱቅ በተከራዩት የፊት ክፍል ያስቀመጡት ሁሉ አለ። አምፕሊፋየሩን በላስቲክ ጠቅልለን ጎታ ውስጥ ከተትነውና ማሽላ አፈሰስንበት። ሁለቱ ትልልቅ ስፒከሮች ግን ለጎታ የሚሆኑ አልነበሩም። እናቴ ከግድግዳው አስጠግታ፣ ቁርበትና ጋቢ አልብሳ መደብ አደረገቻቸው። ታጣቂዎች ቤት ሊፈትሹ የመጡ ለት ከመሃላቸው ሁለቱ ተቀመጡባቸው። አንደኛው ደገፍ ብሎ «እማማ፣ መደባችሁ ይመቻል» አላት።

«ይመቻል ልጄ፤ የሟቹ የባለቤቴ ሥራ ነው» አለችው።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ በዕድሜው ሚስማር መትቶ አያውቅም። ሰዎቹ ከሄዱ በኋላ እናቴ ሳቀች፣ ከዚያ እዚያው መደብ ላይ ተቀመጠች።

መብራት እስካሁን የለም። ከነሐሴ ወዲህ አንድ አምፖል አልበራም። ምሰሶ እየተተከለ ነው ይባላል።

ከሰባተኛ ክፍል ትምህርት ሳቋርጥ በዚሁ በመርሳው ሱቅዎ ውስጥ አቧራ እየጠረግሁ እንድውል የፈቀዱልኝን አልረሳም። ዕቃውን የጠበቅነው ለዚያ ብለን አይደለም፤ ግን ለዚያም ነው።

ልጅዎ እየሩሳሌም


መርሳ፣ ጥር 21 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለጋሽ ኤፍሬም፤

ሰላምዎ ይብዛ። ለእናቴ የላኩት ሹራብ ደርሷታል። በመርሳ ሙቀት ሹራብ መልበስ ከባድ ነው፤ እሷ ግን ሁለት ቀን ለብሳው ዋለች። እግዚአብሔር ይስጥልን።

የጠየቁኝን በተራ ልመልስ። አዎ፣ መብራት መጥቷል፤ ዛሬ አራተኛ ቀኑ ነው። አዎ፣ አምፕሊፋየሩን ከጎታው አውጥተን ማሽላውን ጠርገናል። ስፒከሮቹን አይጥ አልነካቸውም። ኃይል የሚያረጋው እስታብላይዘርም ደኅና ነው።

ስለ አምፕሊፋየሩ ለይተው የጠየቁኝን ግን በሌላ ጊዜ እጽፍልዎታለሁ። ዛሬ ወረቀቱ አልበቃኝም።

እኔም አንድ ነገር ልጠይቅዎት። የእጅ ጽሑፍዎ ተለውጦብኛል። ሱቅ ውስጥ ደረሰኝ ሲጽፉ ፊደልዎ የታተመ ይመስል ነበር። አሁን ሁሉም ወደ ግራ ይወድቃል። እናቴ «ብርዱ ነው» አለች። ብርዱ ነው?

ስልክም ስለተከፈተ ደውዪ ብለውኛል። ስልክ ላይ ድምፄ እንደሚጠፋ ያውቃሉ። ብጽፍ ይሻለኛል።

ልጅዎ እየሩሳሌም

የወረቀቱ ግማሽ ባዶ መሆኑን ያያሉ። እባክዎ አይቆጡኝ።


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለእየሩስ፤

እንደምን አለሽልኝ? እናትሽ እመት ብዙነሽ እንዴት ናቸው? ባዶውን ግማሽ ወረቀት ብዙ ጊዜ አገላብጬ አየሁት፤ ምን እንደሚል አልገባኝም። አልተቆጣሁም። ስለ እጅ ጽሑፌ ብርድ ነው ብለው የፈረዱት እናትሽ ትክክል ፈርደዋል።

ራሄል ወልድያ ደርሳ ሱቃችንን አይታ መጣች። መደርደሪያው የለም፣ በሩ የለም። የግድግዳው ሶኬቶች እንኳ ተነቅለዋል። አላዘንኩም አልልሽም። ግን ሁሉንም ነግራኝ ስትጨርስ «የመርሳው አለ» አልኳት፣ እሷም «የመርሳው አለ» አለች፤ ከዚያ ምሳ በላን። እናንተን በየቀኑ የምናመሰግነው እንዲህ ነው።

መምህር ጌትነት ለዳግማይ ትንሣኤ ወልድያ ላይ ሊያገባ ነው። የሠርጉን ድምፅ አንተው ትሠራልኛለህ ብሎ ልኮብኛል። ከጦርነቱ ወዲህ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው። ከሠመረ ሰው «ኤፍሬም ተመለሰ» ይላል፤ ሌላውም ይጠራኛል። ካልሠመረ ወልድያ የምመለስበት ነገር የለኝም። እዚህ አንድ ዘመዴ የመጋዘን ጥበቃ አግኝቶልኛል፤ መልሴን እየጠበቀ ነው።

እንግዲህ አምፕሊፋየሩን በኑርሁሴን መኪና ላኪልኝ። የቀረኝ እሱ ነው።

ጋሽሽ ኤፍሬም


መርሳ፣ የካቲት 17 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለጋሽ ኤፍሬም፤

እንዴት አሉ ብዬ መጀመር አፈርኩ። ጋሽ ኑርሁሴን ዕቃውን ሊጭኑ ሁለት ጊዜ መጡ፤ ሁለቴም እቤት የለሁም አስባልኩ። በሦስተኛው «ይቺ ልጅ ሁልጊዜ የለችም፣ ጫማዋ ግን ሁልጊዜ በር ላይ አለ» ብለው ሄዱ። ስለዚህ ልጻፍ።

አምፕሊፋየሩ ተቃጥሏል። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ።

የመብራት ሠራተኞች አጠገባችን ውርጌሳ ከተማ ደርሰዋል የተባለ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ ማብሪያውን አብርቶ መጠበቅ ጀመረ። ማጥፋት ተስፋ መቁረጥ ይመስል ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ንግሥት መጡና «እየሩስ፣ የኤፍሬምን ትልቁን ስፒከር በር ላይ አውጥተሽ ሬድዮ ክፈቺበት። መብራቱ የመጣ ለት ሁላችንም ባንድ ላይ እንስማ» አሉኝ። ደስ አለኝ። አወጣሁት። እንዳስተማሩኝ በእስታብላይዘሩ በኩል ሰካሁት።

ጋሽ ሀብቴ፣ ባለ ልብስ ስፌቱ፣ ሣጥኑን አዩና «ይህ ምንድን ነው?» አሉ። መብራት ሲመጣ ኃይሉ እስኪረጋ ሦስት ደቂቃ ያቆየዋል፣ ቀዩ መብራት አረንጓዴ ሲሆን ነው የሚለቀው አልኳቸው።

«ሦስት ደቂቃ! የላይ ሰፈሮች እልል ብለው ጨርሰው እኛ ሣጥን ከበን ልንቆም ነው?»

«ኧረ ተው ሀብቴ» አሉ እትዬ ንግሥት እየሳቁ፤ «አንተ ሱሪ ለመስፋት ሦስት ወር ታስጠብቅ የለ?»

«ለሱሪው መብራት ጠፋ እላለሁ። አሁን ምን ልበል?»

ሁሉም ሳቀ። ከዚያ ሁሉም እኔን አየ። ብዙ ሰው ሲያየኝ የምሆነውን ያውቃሉ። «አይሆንም፣ ጋሽ ኤፍሬም ከልክለዋል» ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ነበረ። ግን አላልኩም። ከእስታብላይዘሩ ነቅዬ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ሰካሁት።

መብራቱ የመጣው በሦስተኛው ቀን፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ሬድዮው አንድ ቃል አልጨረሰም። አምፖላችን ከመጠን በላይ ነጣ፣ ስፒከሩ ጧ አለ፣ ከአምፕሊፋየሩ የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ሰፈሩ እልልታ ላይ ስለነበር ማንም አላስተዋለም። እያቀፉ ሳሙኝ። እኔም እልል አልኩ። አለቅስ ነበር፤ የደስታ መሰላቸው።

አምስት ወር ታግሠን ሦስት ደቂቃ አቃተን። ጎታ ውስጥ ከትቼ ከታጣቂ የደበቅሁትን፣ ሰው እንዳይስቅብኝ ብዬ አጠፋሁት። በአካል ቢሆን ድንጋይ ተሸክሜ እግርዎ ላይ እወድቅ ነበር። ድንጋይ በፖስታ አይላክም። የመጋዘኑን ሥራ እሺ እንዳይሉ ልለምንዎት አሰብኩ፤ ግን በምን አፌ?

እየሩሳሌም


ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 28 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለልጄ ለእየሩስ፤

ድንጋዩን አውርጂ። ይቅር ብዬሻለሁ። ሰፈሩንም ይቅር ብያለሁ፤ ሀብቴን ግን ሳገኘው ጆሮውን እይዘዋለሁ። የእኔንም ሱሪ ይዞ ዓመት አልፎታል።

አንቺ እውነቱን ስለጻፍሽልኝ እኔም ዋሽቼ ልቀር አልችልም። ብርድ አይደለም። የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ነሐሴ ላይ ከእናንተ ተሰናብቼ የወጣሁበት መኪና መንገድ ላይ ተገለበጠ፤ ቀኝ እጄ ተጨፈለቀ። ሐኪሞች አትርፈውታል፤ ጣቶቹ ግን አይታጠፉም። በልምምድ ብዛት ምናልባት ይመለሳሉ ይሉኛል። አሁን አንዲት ብሎን አልይዝም። አምፕሊፋየሩን ላኪ ያልኩሽ ለራሄል እያሳየሁ ድምፁን ልሞክር ብዬ ነበር። ተቃጥሎ ቢመጣ ግን የምከፍትበት እጅ የለኝም።

ስለዚህ ክፈቺው አንቺ።

እንዳትደነግጪ። ሦስት ዓመት አቧራ ስትጠርጊ ዓይንሽ ከእጄ እንደማይነሣ አላየሁም መሰለሽ? አሁን የምልሽን ስሚ። ማሽኑን ከግድግዳ ንቀዪ። ነቅለሽም አንድ ሙሉ ቀን ተዪው። ውስጡ ሁለት ጥቁር በርሜል የሚመስሉ ካፓሲተሮች አሉ፤ ማሽኑ ተነቅሎም ኤሌክትሪክ ይዘው ይቆያሉ። ጣትሽ እንዳይጠጋቸው። ከዚያ ክዳኑን አንሥተሽ በዓይንሽ ብቻ እዪ። የጠቆረ፣ ያበጠ፣ የተሰነጠቀ ካለ ጻፊልኝ። ሥዕሉን ከደብዳቤው ጀርባ ሥየዋለሁ። ዶሮ የጫረው ቢመስልም ልክ ነው።

ለዘመዴ እስከ ፋሲካ ታገሠኝ ብዬዋለሁ።

ጋሽሽ ኤፍሬም


መርሳ፣ መጋቢት 28 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለጋሽ ኤፍሬም፤

እንደምን ሰነበቱ? ስለ እጅዎ ሳነብ የተሰማኝን መጻፍ አልችልም። እናቴ ለእመቤታችን ተስላለች፤ ምን እንደተሳለች አትነግረኝም።

የመጨረሻዎቹ ሁለት ደብዳቤዎችዎና ሥዕሎቹ ደርሰውኛል። «ደስ ይበልሽ» ብለው ሲጽፉልኝ ግራ ገብቶኝ ነበር። ከፊውዙ ኋላ ተሰንጥቃ ያየኋት ሳንቲም የምታክል ሰማያዊ ነገር ከዓመታት በፊት እርስዎ ራስዎ የበየዷት ቫሪስተር መሆኗን አላውቅም ነበር። ኃይል ሲበዛ ራሷ ተቃጥላ፣ ፊውዙን በጥሳ፣ ሌላውን እንድታድን መቀመጧንም አላውቅም ነበር። ለእናቴ ስነግራት ጥቂት አሰበችና «እንግዲያ ተዝካር ይገባታል» አለች።

ሌላው በእርግጥ ድኖ እንደሆነ ግን አልነገሩኝም። «ሳይሞከር አይታወቅም» ነው ያሉኝ። ያን ቃል በየቀኑ አነበዋለሁ።

የጠየቁኝን ልመልስ። ወደ ካፓሲተሮቹ ጣቴን አላስጠጋሁም። ኤሌክትሪሽያኑ አቶ ዘውዱ መጥተው እርስዎ እንዳሉት ኃይላቸውን አፍስሰውልኛል። በፊት ክፍሉ መሳቢያ ውስጥ መበየጃውና ካቻቢቴው አሉ። በሞተ ሬድዮ ላይ ሁለት ሳምንት ተለማመድኩ። አውራ ጣቴን አቃጠልኩ፤ እናቴ ሬት ቀባችኝና «ሴት ልጅ ለምጣድ ሳትቃጠል ለሬድዮ ተቃጠለች» አለች። መበየጃውን ግን አልቀማችኝም። ማታ ለጎረቤት «ልጄ ትበይዳለች» ስትል ሰማኋት።

ጋሽ ሀብቴ አፍረው ከርመው ሰሞኑን መጡ። ፊውዙን በሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቅልለን እንሞክረው አሉ።

«አይሆንም» አልኩ።

«ምን አልሽ?» አሉ፤ ድምፄ ትንሽ ነበረና።

«አይሆንም ጋሽ ሀብቴ። ወረቀቱ አይበጠስም፤ ማሽኑ ነው የሚነደው።»

ወረቀታቸውን ኪሳቸው ከተው ተቀመጡ።

ጋሽ ኑርሁሴን አዲስ ቫሪስተርና ትክክለኛውን ፊውዝ ከወልድያ አመጡልኝ። «እኔ ረመዳን ላይ፣ እናንተ ሁዳዴ ላይ፣ ይህም ማሽን ጾም ላይ፤ ኢንሻአላህ ሁላችንም እናፈጥራለን» አሉ። የነዳጅ እንኳ ልስጥ ስትል እናቴን ተቆጧት።

አዲሷን ዛሬ በየድኳት። ሥዕልዎ ልክ ነበር።

ልጅዎ እየሩሳሌም


መርሳ፣ ሚያዝያ 8 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለጋሽ ኤፍሬም፤

እየቸኮልኩ ነው፤ መኪናው በር ላይ ቆሟል።

ያዘዙኝን የመቶ ዋት አምፖል እትዬ ንግሥት ከቤታቸው ፈትተው ሰጡኝ። አቶ ዘውዱ ኃይሉ በአምፖሉ ውስጥ አልፎ ወደ ማሽኑ እንዲገባ አድርገው ቀጠሉት። አምፖሉ ደምቆ ከቀረ ማሽኑ ውስጥ ገና የተቃጠለ አለ ማለት ነው፣ በርቶ ከደበዘዘ ድኗል ብዬ ለእናቴ ብቻ ነገርኳት። እናቴ ለአንድ ሰው ነገረች። ትናንት ጠዋት ግቢው ሞልቶ አገኘሁት።

ማብሪያውን የጫንኩት እኔ ነኝ። አምፖሉ ቦግ አለ። እኔ እስከ አምስት ቆጠርኩ መሰለኝ። አምስት ወር ሙሉ ብርሃን ስጠን ያለ ሰፈር ያን ጊዜ አንድ አምፖል እንዲደበዝዝ ይለምን ነበር። እትዬ ንግሥት ዓይናቸውን ጨፍነው «ደብዝዝልን፣ ደብዝዝልን» ይላሉ፤ ጋሽ ሀብቴ ቆባቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

ደበዘዘ። መጀመሪያ ቢጫ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከዚያ ክሩ ብቻ እንደ ፍም ቀረ።

«ጠፋ እኮ!» አለች አንዲት ሴት በድንጋጤ። «እሰይ ነው፣ እልል በሉ!» አለች እናቴ።

ከዚያ በእስታብላይዘሩ በኩል ሰካሁት። አረንጓዴው እስኪበራ ሦስቱን ደቂቃ ሁሉም ቆሞ ጠበቀ። ሬድዮው ሲናገር ድምፁ ጥርት ያለ ነበር።

አሁን በብርድ ልብስ ጠቅልለን እየጫንነው ነው። ስፒከሮቹ ሲወጡ እናቴ «ቤቴ ያለ መደብ ቀረ» ብላለች። ጋሽ ኑርሁሴን ወልድያ ድረስ እንደ እንቁላል ይዤው እሄዳለሁ ብለዋል። ስላመኑኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሠርጉ በሰላም ያድርሳችሁ።

እየሩሳሌም


መርሳ፣ ግንቦት 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ለጋሽ ኤፍሬም፤

እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት። ደብዳቤዎ ከወልድያ መምጣቱን ከላዩ ሳይ ገና ሳልከፍተው ደስ አለኝ። ሠርጉ እንዴት እንደነበረ ጋሽ ኑርሁሴን ነግረውናል፤ ከመንደር ጫፍ ይሰማ ነበር አሉ። ሰኔ ላይ በሁለት ቦታ ለሥራ መጠራትዎን፣ ለዘመድዎም የመጋዘኑን ሥራ እንደማይፈልጉ መንገርዎን ስሰማ ወጥቼ ጓሮ ቆምኩ። ሰው ፊት ማልቀስ ስለማልወድ ነው።

በደብዳቤው መጨረሻ «የላክኋቸው ሰዎች እንዴት ሆኑ?» ብለው ጠይቀውኛል። እንዴት እንደሆኑ ልንገርዎት።

ያለፈው ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ጋሽ ኑርሁሴንና ጋሽ ሀብቴ የታጠበ ጋቢ ለብሰው በር ላይ ቆሙ። ግቡ ስንላቸው አይገቡም። «ስለ ልጅዎ ተልከን ነው የመጣን» አሉ። እናቴ የያዘችውን ማሰሮ አስቀመጠች።

«ልጄ ገና አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው! ማን ነው የላካችሁ? ደግሞ አንተ ሀብቴ፣ እዚሁ እያየሃት አድጋ ሽማግሌ ሆነህ ትመጣለህ?»

«ኧረ ይቀመጡ እመት ብዙነሽ፣ ወላሂ ለጋብቻ አይደለም» አሉ ጋሽ ኑርሁሴን። «የላከን ኤፍሬም ነው።»

«ኤፍሬም ሚስት አለው!»

እኔ ከመጋረጃው ኋላ ሆኜ አፌን በነጠላ ያዝኩ። እስኪግባቡ ብዙ ቆዩ። የፊቱን ክፍል ልክፈትላት፣ የመርሳንና የገጠሩን ዕቃ እሷ ትጠግን፣ የማትችለውን በኑርሁሴን ትላክ፣ እኔም እየመጣሁ ላስተምራት ማለትዎን ነገሯት። ጠዋት ጠዋት ትምህርቷን እንድትቀጥልም ብሏል አሉ። እናቴ በጣም ቀስ ብላ «ለእሷ ብሎ ሽማግሌ ላከ?» አለች።

«ለሙያ የሚገባውን ክብር ነው ያደረገ» አሉ ጋሽ ሀብቴ።

እናቴ ጠራችኝ። ወጣሁ። ሦስቱም አዩኝ።

«ልጅቷስ ምን ትላለች?» አሉ ጋሽ ኑርሁሴን። «ለኤፍሬም ምን ብለን እንንገረው?»

«የእጃቸውን ልምምድ እንዳይተዉ ንገሩልኝ» አልኩ። ድምፄ ተሰማቸው። «እጃቸው እስኪድን ግን መርሳ ላይ እጅ አላቸው በሏቸው።»